የቁመትና የክብደት ቀመር፦ የአንድ ቁጥር ታሪክ ከብራስልስ እስከ ጌጫ

ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ከማሻ ወደ ቴፒ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል። ዙሪያዋን ደንና እንሰት ከብቧታል፤ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ተፈሪ በተወረደ መጠን ደግሞ የቡናው ምድር ይሰፋል። በዚህች ከተማም፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሰው ከወዳጁ ጋር ሰንብቶ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ብዙውን ጊዜ ስለ ሰውነት ነው። «ምነው ከሳህ?» ማለት «ምን ደረሰብህ?» እንደ ማለት ይቆጠራል፤ «ሞላ ብለሃል» ማለት ግን የደስታ ቃል ነው። ክሳት የችግርና የሕመም፣ ውፍረት የድሎትና የደኅንነት ምልክት ሆኖ ለብዙ ትውልድ ኖሯል።

በጤና ተቋም ይኸው ጥያቄ በቁጥር ይጠየቃል። ታካሚው ጫማውን አውልቆ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቁመቱም ይለካል። ቁመቱ በሜትር ተወስዶ በራሱ ይባዛል፤ በኪሎ ግራም የተገኘው ክብደት ደግሞ ለዚህ ብዜት ይካፈላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ውጤቱ 50 ለ2.56 ሲካፈል፣ ማለትም 19.5 ነው። ይህ ቁጥር በሕክምናው ዓለም «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» ወይም በአጭሩ «ቢ.ኤም.አይ.» ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የሰውነት ክብደት ልኬት» ወይም በአጭሩ «ልኬቱ» እየተባለ ይጠራል። ለአዋቂዎች የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው ወሰን መሠረት ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ክብደት፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። በዚህ ስሌት 1.60 ሜትር ለሚረዝም ሰው ጤናማው ክብደት ከ47 እስከ 64 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል።

ቀመሩ ቀላል፣ ወጪውም ከሚዛንና ከቁመት መለኪያ የማያልፍ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ወሰኖች ከየት መጡ? የተቀመሩትስ በእነማን ሰውነት ላይ ነው? እንሰት ተክሎ፣ ዳገት ወጥቶና ቁልቁለት ወርዶ የሚኖረውን የጌጫ ገበሬ በትክክል ይገልጹታልን? መልሱን ለማግኘት የቁጥሩን ታሪክ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሥነ ፈለክ ሊቁና «አማካዩ ሰው»

የቀመሩ አባት ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ (1796–1874) በጌንት ከተማ የተወለደ የቤልጂግ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ የብራስልስን የከዋክብት መመልከቻ ተቋም የመሠረተም እርሱ ነው። በዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንድን ኮከብ ደጋግመው እያዩ የልኬቶቻቸውን አማካይ ይወስዱ ነበር፤ አማካዩ ከእያንዳንዱ ልኬት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው ብለው ያምናሉና። ኬትሌም ይህንኑ ዘዴ ከሰማይ ወደ ምድር አወረደው። የብዙ ሰዎችን ቁመት፣ ክብደትና ሌላም ጠባይ ሰብስቦ «አማካዩ ሰው» ብሎ የሰየመውን የአንድ ኅብረተሰብ ምሳሌ ለማግኘት ተነሣ።

በ1835 በፓሪስ ባሳተመው ስለ ሰው ልጅና ስለ ችሎታው እድገት በሚተርከው መጽሐፉ፣ እድገታቸውን በጨረሱ ሰዎች ዘንድ ክብደት ከቁመት ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ እንደሚጨምር አስፍሯል። ዛሬ በየካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሥሩ ይኸው ነው። ሊስተዋል የሚገባው ግን ኬትሌ ስለ ውፍረት በሽታ አንዳች ነገር ለማለት አለማሰቡ ነው። ዓላማው ሕዝብን መግለጽ እንጂ ግለሰብን መመርመር አልነበረም። ወሰንም አላስቀመጠም፤ «ከዚህ በላይ ታማሚ፣ ከዚህ በታች ጤነኛ» የሚል ቃል አልተናገረም። የለካቸውም ሰዎች በአብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ነዋሪዎች ነበሩ።

የመድን ድርጅቶች ሠንጠረዥ

ወሰን የማስቀመጡ ሥራ የተጀመረው በሐኪም ቤት ሳይሆን በመድን ድርጅቶች ጽሕፈት ቤት ነው። የሕይወት መድን የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛው መቼ እንደሚሞት መገመት ይኖርበታል፤ ወፍራም ደንበኞች ቶሎ እንደሚሞቱ የሚያመለክት መዝገብ ሲከማች ክብደት የዋጋ መወሰኛ ሆነ። ሜትሮፖሊታን የተባለው የአሜሪካ የሕይወት መድን ድርጅት፣ በስታቲስቲክስ ባለሙያው በሉዊስ ደብሊን መሪነት፣ በ1942 ለሴቶች፣ በ1943 ደግሞ ለወንዶች ተስማሚ የሚባለውን ክብደት በቁመትና በአጥንት ግዝፈት ከፋፍሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። በ1959 የታደሰው ሠንጠረዥ ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ የመድን ውል መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም የሰዎቹ ዓይነት ጠባብ ነበር። መድን ለመግዛት አቅም ያላቸው ሰዎች ናቸው የተመዘገቡት። ብዙዎቹም ልብስና ጫማ እንዳደረጉ ተመዝነዋል። የአጥንት ግዝፈት «ቀጭን»፣ «መካከለኛ»፣ «ግዙፍ» ተብሎ ቢከፈልም እንዴት እንደሚለካ በግልጽ አልተነገረም። ያም ሆኖ ሠንጠረዡ ለብዙ ዓመታት በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የጤናማ ክብደት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

ሠንጠረዡን አጥብቆ ከነቀፉት አንዱ አንሴል ኪስ ነበር። ይህ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ረሃብንም ጥጋብንም ያጠና ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945፣ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ወጣት ወንዶችን ምግባቸውን ቀንሶ ረሃብ በሰውነትና በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መዝግቧል። ኋላም ፊቱን ወደ ልብ በሽታና ወደ ውፍረት መለሰ። በ1972 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ከ5 አገሮች የተወሰዱ ከ7,000 በላይ ወንዶችን ልኬት አነጻጽሮ፣ በጊዜው ከነበሩት የክብደትና የቁመት ቀመሮች ውስጥ የኬትሌ ቀመር ከቆዳ ሥር ስብ ጋር ያለው ተዛምዶ ከሌሎቹ የማያንስ፣ አሠራሩም ቀላል ሆኖ አገኘው። «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» የሚለውን ስምም ያወጣለት በዚሁ ጽሑፍ ነው። ቀመሩ ፍጹም ነው አላለም፤ ከሌሎቹ አያንስም ነው ያለው። ሴቶችም በጥናቱ አልነበሩም።

የላይኛው ወሰን ከዚያ በኋላም ቢሆን ጸንቶ አልቆመም። እስከ 1998 ድረስ በአሜሪካ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይጀምራል ይባል የነበረው ለወንዶች ከ27.8፣ ለሴቶች ከ27.3 ነበር። በዚያ ዓመት ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ጋር ለማስማማት ወደ 25 ዝቅ ሲደረግ፣ ማታ ጤነኛ ሆነው የተኙ ሚሊዮኖች በማግሥቱ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ተብለው ተቆጠሩ። ሰውነታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መስመሩ ነው።

የረሃብ ወሰን

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን የዚህ ቁጥር ታሪክ ከላይኛው ወሰን ይልቅ በታችኛው ይጀምራል። ለሀብታሞቹ አገሮች ጥያቄው «ከምን በላይ?» የሚል ሲሆን፣ ለእኛ አገር «ከምን በታች?» የሚል ነበር።

በአገራችን የሕዝብ አመጋገብ በሰፊው ከተጠናባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ በ1958 ከአሜሪካ በመጣ የባለሙያዎች ቡድንና በኢትዮጵያውያን ትብብር የተካሄደው ዳሰሳ ሲሆን፣ ሪፖርቱ በ1959 ታትሟል። ከዚያም በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል በ1968 ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ተቋም አደገ። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። የእነዚህ ዓመታት ዋና ትኩረት ሕፃናት ነበሩ። ይህም ተገቢ ነበር፤ ረሃብ አስቀድሞ የሚገድለው ሕፃናትን ነውና። ነገር ግን የ1973 እና የ1984 ረሃብ በደረሰ ጊዜ የሕፃኑን ክሳት ከቁመቱ አንጻር የሚለካ ሠንጠረዥ ሲኖር፣ የእናቱንና የአባቱን ክሳት ደረጃ የሚወስን የጋራ ስምምነት አልነበረም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1988 ፊሊፕ ጄምስ፣ አና ፌሮ ሉትሲና ጆን ዋተርሎው የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በአዋቂዎች ዘንድ ሥር የሰደደ የኃይል ምግብ እጥረትን የሚለዩ ወሰኖችን አቀረቡ፦ ከ18.5 በታች፣ ከ17 በታች፣ ከ16 በታች። ዛሬ በጌጫ ካርድ ላይ ከ18.5 ጋር የሚነጻጸረው ቁጥር ወሰኑን ያገኘው ከዚህ ነው። ከሦስቱ አንዷ ፌሮ ሉትሲ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ጋር ሆና የኢትዮጵያን የገጠር ሴቶች መዝናለች፤ ጥናቱም በ1990 ታትሟል። ከዚያ በኋላ በ1993 የታተመው ተከታይ ሥራ ሕፃናትንና አዋቂዎችን አብሮ ያየ ነበር። የሁለቱም ጭብጥ የክብደት ከወቅት ጋር መወዛወዝ ነው፤ ጎተራ በሚጎድልበት፣ የእርሻ ሥራ በሚከብድበት ወቅት ክብደት ይቀንሳል፤ መኸር ሲገባ ይመለሳል።

ይህ ግኝት ለሐኪም ትልቅ ትምህርት አለው። ቁመቷ 1.55 ሜትር የሆነች ሴት በጥር 46 ኪሎ ግራም ብትመዝን ልኬቷ 19.1 ነው፤ ጤናማ ትባላለች። በነሐሴ 44 ኪሎ ግራም ብትሆን 18.3 ይሆናል፤ ከሲታ ትባላለች። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሴትዮዋ በሁለቱም ወራት ያው ናት፤ ካርዱ ላይ ወሩ ካልተጻፈ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ነገር ግማሽ ነው። በጌጫና በአካባቢዋ እንሰት የተለየ ቦታ አለው። እህል ወቅቱን ጠብቆ የሚታጨድ ሲሆን፣ የደረሰ እንሰት በፈለጉት ወር ሊቆረጥ ይችላል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ይቆያል። በዚህም ምክንያት እንሰት ረሃብን የሚከላከል ተክል ተብሎ ይወደሳል። ይሁን እንጂ ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ያለ ባቄላ፣ ያለ ወተት ወይም ያለ ሥጋ በቆጮ ብቻ የኖረ ሰው ክብደቱ ባይጎድልም ጡንቻው ሊጎድል ይችላል። ሚዛን ይህን አይለይም።

የታችኛው ወሰን ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችልም ከጎረቤት አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። በ1992 በሶማሊያ ረሃብ ወቅት በባይዶዋ ከተማ በተከፈተ የአዋቂዎች መመገቢያ ማዕከል ያገለገለው ሐኪም ስቲቭ ኮሊንስ፣ ልኬታቸው 12 የደረሰ ሰዎች በሕይወት አይኖሩም ይባል በነበረበት ጊዜ ከዚያ ያነሰ ልኬት ያላቸው ብዙ ሕሙማን እንደተረፉ በ1995 አሳውቋል፤ ከ10 በታች የነበሩም ተርፈዋል። የትርፍ ተስፋ የሌለው የሚመስል ሰው በተገቢ እንክብካቤ ሊድን እንደሚችል ይህ ሥራ አስተምሯል።

ረጃጅም እግሮች

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ወደ ዲማ ይደርሳል። ዲማ፣ ኢታንግና ፉኚዶ በ1980ዎቹ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ያረፉባቸው ጣቢያዎች ናቸው። በዚህ ወሰን አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከእንሰቱ ደጋ ሰዎች ፈጽሞ የተለየ የሰውነት ቅርጽ ያላቸውን ኑዌሮችና ዲንካዎች ያክማል። ሮበርትስና ቤይንብሪጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1953 እና በ1954 በሱዳን ከለኳቸው የዲንካ ወንዶች አማካይ ቁመት ከ181 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር። በኢትዮጵያ ስደተኛ ጣቢያ የተለኩ የዲንካ ወንዶች አማካይ ግን በ1995 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት 176.4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል።

የእነዚህ ሕዝቦች ቁመት በአብዛኛው የእግር ርዝመት ነው። እግር ከደረት፣ ከሆድና ከዳሌ ይልቅ ቀላል ስለሆነ፣ እግሩ ረጅም የሆነ ሰው በምግብ ሳይጎዳ ልኬቱ ዝቅ ይላል። ቁመቱ 1.85 ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ወጣት ልኬቱ 17.5 ነው፤ በወሰኑ መሠረት የምግብ እጥረት ያለበት ነው። ወጣቱ ግን ጠንካራ እረኛ ሊሆን ይችላል። በሳይንሱ ይህን ለማረም የሚያገለግለው የተቀምጦ ቁመት ከሙሉ ቁመት ጋር የሚነጻጸርበት፣ ኮርሚክ የተባለው ልኬት ነው። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ተቀምጦ ያለው ቁመት የሙሉ ቁመት 52 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ በመቶኛ በ1 ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ኒኮላስ ኖርጋን በ1994 የብዙ ሕዝቦችን ልኬት አነጻጽሮ እንዳሳየው፣ የሰውነት ክብደት ልኬቱም ወደ 1 በሚጠጋ ቁጥር አብሮ ይለዋወጣል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ግድግዳ የተጠጋ በርጩማና ሜትር ብቻ ነው።

ስሕተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ ወገን ያልተራበው እንደ ተራበ ተቆጥሮ ውስን የሆነው ድጋፍ ያለ ቦታው ይውላል። በሌላ ወገን ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ድሮም ቀጫጭን ናቸው» የሚል ልማድ ይፈጠርና በእውነት የተራበው ይዘነጋል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

ክሳት ሁሉ የምግብ እጥረት አይደለም

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በኢትዮጵያ ክሳት ሌላ ስም ነበረው። ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋበት በዚያ ዘመን የከሳ ሰው በአደባባይ ይጠቆምበት፣ በሹክሹክታ ይታማ ነበር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲዳረስ ደግሞ ልኬቱ አዲስ ሥራ አገኘ፤ ከሲታ ሕሙማን ከመድኃኒቱ ጋር በልኬታቸው መሠረት የሚታዘዝ ምግብ ይሰጣቸው ጀመር። በጅማ አካባቢ የተካሄደና በ2014 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒት በጀመሩ ሕሙማን ላይ ተጨማሪ ምግብ ክብደትን ብቻ ሳይሆን ጡንቻንና የእጅ ጭብጥ ኃይልን ጭምር እንደሚጨምር አሳይቷል። ለታካሚው የሚጠቅመው የተጨመረው ኪሎ ምን እንደሆነ ነው፤ መቆፈሪያውን መልሶ የሚያነሣው በጡንቻው እንጂ በካርዱ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም።

ሌላው ትምህርት ከስኳር በሽታ የተገኘ ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ እንደሚያጋልጥ ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ተነሥቶ «ከሲታ ሰው ስኳር አይዘውም» ብሎ መደምደም ግን በገጠር ኢትዮጵያ ነፍስ ያስከፍላል። ከጎንደርና ከጅማ የስኳር ክሊኒኮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2009 የታተመ ሥራ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በብዛት ድሆችና ቀጫጭኖች እንደሆኑ አሳይቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 በምደባው ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 በባንኮክ ጉባኤው «ዓይነት 5» በሚል ስም እውቅና ሰጥቶታል፤ በባለሙያዎች ዘንድ ያለው ክርክር ግን አልተዘጋም። ክርክሩ በየትም ይድረስ፣ ለጌጫው ሐኪም ትርጉሙ ግልጽ ነው። ልኬቱ 17 የሆነ፣ ውኃ የሚጠማውና ሽንት የሚያመላልሰው ገበሬ ሲመጣ «የምግብ እጥረት» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም፤ ስኳሩ ይለካ። ሳሉ ካልተወው ሳንባው ይታይ፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ይደረግለት።

ሁለቱ ጫፎች በአንድ አገር

በ2000 የተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶው ልኬታቸው ከ18.5 በታች መሆኑን አሳይቷል። በ2016 ይህ ወደ 22 በመቶ ወረደ። በአንጻሩ 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልኬት ያላቸው ሴቶች ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ከፍ አሉ። በ2016ቱ ዳሰሳ ከወንዶች 33 በመቶው ከሲታ፣ 3 በመቶው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ነበሩ። የውፍረቱ ድርሻ ከሁሉም ይልቅ በአዲስ አበባ ከፍ ያለ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ኬትሌ ያሰበው ዓይነት ናቸው፤ ሕዝብን ይገልጻሉ፤ ዘመንን ከዘመን ያነጻጽራሉ። በዚህ ሥራው ልኬቱ ተወዳዳሪ የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከሕዝብ ወደ አንድ ሰው ሲወረድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል፣ ቁመቱ 1.68 ሜትር፣ ክብደቱ 69 ኪሎ ግራም የሆነ ነጋዴ ልኬቱ 24.4 ነው፤ ጤናማ ይባላል። የወገቡ ዙሪያ ግን 98 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከቁመቱ ግማሽ በ14 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ስቡ በሆዱ ውስጥ ተከማችቷል፤ ለስኳርና ለደም ግፊት ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋልጠውም የሆድ ስብ ነው። በተቃራኒው ጆንያ ቡና የሚሸከም ጡንቸኛ ሠራተኛ ልኬቱ 26 ሊሆን፣ ቦርጭ ግን ላይኖረው ይችላል።

ወሰኖቹ በእኛ ሰውነት ላይ ያልተሞከሩ ናቸውን? በ2016 የታተመው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የያዙ 239 ጥናቶችን ያጠቃለለው ታላቅ ሥራ፣ የሞት አደጋ ዝቅተኛ የሚሆነው ልኬቱ ከ20 እስከ 25 ሲሆን እንደሆነ አሳይቷል። መረጃዎቹ ግን ከእስያ፣ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካ እንዲሁም ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የተሰበሰቡ ነበሩ፤ አፍሪካ አልነበረችም። ለእስያውያን የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ስብስብ በ2004 ከ23 እና ከ27.5 ጀምሮ ጥንቃቄ እንዲደረግ ተጨማሪ ነጥቦችን አስቀምጧል፤ ይህም የሆነው እስያውያን ተመራማሪዎች የራሳቸውን ሕዝብ ለክተው በማቅረባቸው ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን የወገብ ዙሪያን ወሰን ሲደነግግ ያለው፣ የራሳቸው መረጃ እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያኑን ይጠቀሙ የሚል ነው፦ ለወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትር።

ቁጥሩና ሰውየው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበለጸጉት አገሮችም ልኬቱ እንደገና እየተመረመረ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ልኬቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ከሌሎች ልኬቶች ጋር አብሮ መታየት እንዳለበት ወስኗል። በጥር 2025 የታተመው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ኮሚሽን ሪፖርትም ልኬቱን ለሕዝብ ጥናትና ለመጀመሪያ ማጣሪያ ትቶ፣ በአንድ ሰው ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማረጋገጥ የወገብ ዙሪያ ወይም ቀጥተኛ የስብ ልኬት እንዲጨመርበት መክሯል። ውፍረቱ አካልን መጉዳት የጀመረበትን ሰው ገና ካልተጎዳው ለይቶ ማየት እንደሚገባም አሳስቧል።

ከዚህ ሁሉ ልኬቱ ይጣል የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ሚዛንና ሜትር ብቻ ላለው የጤና ተቋም ይህን ያህል ርካሽና ፈጣን መሣሪያ ሌላ የለም። የሚያስፈልገው ቁጥሩን ከነታሪኩ ማንበብ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ አካሉ ላበጠ፣ በሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሕመምተኛ ልኬቱ አያገለግልም፤ ለነፍሰ ጡር የላይኛው ክንድ ዙሪያ ይለካል፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ድጋፍ ያስፈልጋታል። ለአረጋዊ፣ ጀርባው ስለሚጎብጥና ጡንቻው ስለሚሟሽሽ፣ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ለሌላው አዋቂ ደግሞ ከልኬቱ ጎን ሦስት ነገሮች ቢጻፉ ትርጉሙ ይሞላል፦ የወገብ ዙሪያ፣ የተመዘነበት ወርና ካለፈው ጊዜ ወዲህ የታየው ለውጥ። ልኬቱ 22 ሆኖ በ6 ወር ውስጥ 8 ኪሎ ግራም የቀነሰ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ 18 ሆኖ ከኖረው ይልቅ ሐኪሙን ሊያሳስበው ይገባል።

ይህን የሚያደርግ ተቋም ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለሳይንሱም ይሠራል። ከሸካ ደጋ፣ ከቴፒና ከሚዛን የቡና ምድር፣ ከባሮ ወንዝ ዳር የሚሰበሰብ፣ የተቀምጦ ቁመትንና የወገብ ዙሪያን የያዘ፣ ለዓመታት የሚከታተል መዝገብ ቢኖር፣ በ2016ቱ ጥናት ያልነበረው የአፍሪካ መረጃ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል፤ ሐኪሞችም እየተመረቁበት ነው። ሜትሩና በርጩማው ደግሞ በሁሉም ቦታ አለ።

እስከዚያው ድረስ «ምነው ከሳህ?» የሚለው የአገር ቤት ሰላምታ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል። ይህ ጥያቄ ሰውየውን ከብራስልስ አማካይ ሰው ጋር ሳይሆን ከትናንትናው ከራሱ ጋር ያነጻጽራል፤ «ምነው?» ብሎም ምክንያቱን ይጠይቃል። ከሚዛኑ ላይ የወረደው ታካሚ ቁጥሩን ሰምቶ ከመሄዱ በፊት ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።